ቀይዋ መኪናችን የበራች ሰሞን

ባለቤቴ ኩላሊቷ ከደከመ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ለእጥበት ሐኪም ቤት አመላልሳታለሁ። ቃሉዓ ሰፈር ካለው ቤታችን የምንሄደው በአሮጌዋ ቀይ መኪናችን ነው። አንድ ጊዜ በሚኒባስ ልሞክረው ብላ መንገድ ላይ ራሷን ስታ ወድቃለች፤ ከዚያ ወዲያ ሚኒባስ የሚባል ነገር ቤታችን ውስጥ አይነሳም። እጥበቱ ካመለጣት ፊቷ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። መኪናዋ ለኛ ምን እንደሆነች ይህን ካልኩ ይበቃል።

መልኳ ግን ያሳፍር ነበር። ፀሐዩና የባሕሩ ጨው ቀዩን ቀለም በልተውት ኮፈኑ የደረቀ ከንፈር መስሏል። "አንተ ሰውዬ፣ በሬሳ ሳጥን ነው እንዴ የምታመላልሰኝ?" አለችኝ አንድ ቀን። "ገና ሳልሞት!" ከዚህ በላይ ምን ትበለኝ? በማግስቱ ክሬተር፣ ገበያው ያለበት ሰፈር ሄድኩ።

የመኪና ዕቃ የሚሸጠው ሰውዬ ምላሱ ከሚሸጠው ፖሊሽ ይበልጥ ያብረቀርቃል። መጀመሪያ ያወጣልኝ ለአምስት ዓመት አይለቅም የተባለ ውድ ፈሳሽ ነው። "እኔስ አምስት ዓመት መቆየቴን ማን ነገረህ?" አልኩት። ስቆ የደበዘዘ ቀለም ፈትጎ የሚያወዛ ሁለት ዓይነት ኮምፓውንድ ደረደረልኝ፤ አንዱ ሻካራ፣ አንዱ ልም። ሻካራውን ወዲያው መለስኩለት። ቤት ሳለሁ የመኪናዋን በር በእርጥብ ጨርቅ ፈግፍጌ ጨርቁ ቀልቶ ስላየሁ፣ ላዩ ላይ የሚከላከልለት ሽፋን እንደሌለ ገብቶኛል። ያለው ያው ቀለሙ ብቻ ነው፤ በሻካራው ከፈተጉት ብረቱ ይወጣል። ልሙን ኮምፓውንድ፣ በቆርቆሮ የታሸገ ጠጣር ሰምና ለስላሳ ፎጣዎች ይዤ ተመለስኩ።

የከሰዓቱን የአስር ሰላት ሰግጄ፣ ግቢው ጥላ ሲሆን ጀመርኩ፤ ብረቱ እንደጋለ ከቀቡት ኮምፓውንዱ ደርቆ ይጣበቃል። ባለቤቴ የቤቱ በር ላይ ወንበር አውጥታ "እዚያ ጋ ዘለልክ! ዓይንህ የት ነው?" እያለች ታዘኛለች። ሰሙን ቀብቼ ሳበቃ ኮፈኑ ላይ የራሷን ፊት አየችና ሻርፗን አስተካከለች። ወላሂ፣ ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። ያለፈ ያገደመው ጎረቤት ሁሉ "ማሻላህ! ማሻላህ!" ይላል።

ወደ ሐኪም ቤቱ የሚወስደው መንገድ ላይ ታጣቂዎች የሚቆሙበት ኬላ አለ፤ እኛ ኑቅጣ ነው የምንለው። እስከዚያን ቀን ድረስ በእጃቸው እለፍ ከማለት በቀር ቀና ብለው አይተውን አያውቁም። የዚያን ቀን ግን አንዱ ወጣት አስቆመን። ኮፈኑን በመዳፉ ቀስ ብሎ ዳበሰው። "ቆንጆ ናት" አለ።

ማሻላህ አላለም። እኛ ጋ ልጅም ይሁን ዕቃ ያደነቀ ሰው ማሻላህ ሳይል አያልፍም፤ ካላለ ዓይኑን ጥሎበታል ማለት ነው። ክው አልኩ። "አልሸጣትም" አልኩት፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። ምን አስቀባጠረኝ!

"አትሽጣት፣ ያ ዐም" አለኝ፣ አጎቴ እንደማለት፣ ፈገግ ብሎ። "እዚሁ ተመላለስባት።"

ሐኪም ቤት እስክንደርስ ሁለታችንም የምናስበው አንድ ጎረቤታችንን ነበር። "ለሥራ ፈልገናት ነው፣ እንመልሳታለን" ብለው የመኪናውን ቁልፍ ኑቅጣ ላይ ከእጁ ተቀብለውታል። ይኸው እስካሁን እየመለሱለት ነው።

በሚቀጥለው ጉዞ ያው ልጅ ስልኩን አውጥቶ መኪናዋን ከፊትም ከጎንም ፎቶ አነሳት። ለማን እንደሚልከው ለመጠየቅ ወኔው አልነበረኝም። የምንሄድበት ሌላ መንገድ የለም፣ እጥበቱም ቀን አይሰጥም። ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ።

በማግስቱ ጠዋት የሚፋቅ ነገር ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። ባለቤቴ ኮፈኑ ላይ ተደፍታ በብርጭቆ ወረቀት ትፈትጋለች። የእጥበቱ መርፌ የሚገባበትን ክንዷን ደረቷ ላይ አጥፋ፣ በአንድ እጇ ብቻ ነው የምትሠራው። ያ ሁሉ የደከምኩበት ሰም ሄዷል፣ ቀለሙም ተከትሎት ብረቱ እዚህም እዚያም ወጥቷል።

"ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ!" ብዬ ጮህኩ።

"ቆመህ አትየኝ፣ ያኛውን በር ያዝ" አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅሯል። እኔም ሌላ ብርጭቆ ወረቀት አንስቼ በሩን መፈተግ ጀመርኩ። ስንጨርስ ቶሎ እንዲዝግ ብላ ጨው በውሃ በጥብጣ ረጨችበት።

የእጥበቷ ቀን ሲደርስ ልጁ ኑቅጣው ላይ አስቆመን። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያት።

"ምን ሆነች?"

"ፀሐይ ነው" አልኩ።

"በሦስት ቀን?"

 እሱ ጆሮውን ወደ ኮፈኑ ዘንበል አድርጎ ቆየና "ሞተሯስ?" አለ።

ባለቤቴ መስኮቱን አወረደች። እጅጌዋን ሰብስባ መርፌ የበሳሳውን፣ ያበጠውን ክንዷን አሳየችው። "ሞተሯም እንደኔ ናት፣ ልጄ" አለችው። ልጁ ክንዷን አይቶ ፊቱን አዞረና እለፉ ብሎ እጁን አወዛወዘ።

ማርሽ ሳስገባ መኪናዋ ያለ አንዳች ኮሽታ፣ ልስልስ ብላ ተነሳች። ባለቤቴ ጉልበቴን ጨበጥ አደረገችው።

"ቀስ በል" አለችኝ ወደ ኋላ ሳትዞር፣ "ደህና መሆኗ ይሰማብናል።"