የሁለት ሰዓት መንገድ

ይህ የሆነው በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ ባለቤቴ በአሰብ ወደብ ተቀጥሮ እዚያ በምንኖርበት ጊዜ ነው። ዛሬም ሰው "ሁለት ሰዓት" ሲል ስሰማ ያ ጠዋት ይመጣብኛል።

ልጄ አስካለ አምስት ዓመቷ ነበር። ግቢያችን ኖራ ሲቀባ ከባልዲው ተረጭቶ ቀኝ ዓይኗ ውስጥ ገባ። አባቷ ለሥራ በጀልባ ዒድ ወደምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ሄዷል። ብቻዬን ይዣት ክሊኒክ ሮጥኩ። ድሬሰሩ ዓይኗን ደጋግሞ አጠበና አሰረላት።

"የዓይን ሐኪም ያለው አዲስ አበባ ነው" አለኝ። "ነገ አውሮፕላን አለ። በእሱ ካልሄደች ዓይኗን ታጣለች።"

ወዲያው ቲኬት ልቆርጥ ወደ አየር መንገዱ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊው ከሁለት ነጋዴዎች ጋር ይጫወት ነበር። ቲኬቱን ከሰጠኝ በኋላ፣

"ጌታዬ፣ አዲስ አበባ ስንት ሰዓት ነው?" አልኩት።

"እዚህ ስንት ሰዓት ነው?"

"ዘጠኝ።"

"እንግዲያው እዚያም ዘጠኝ ነው።"

ነጋዴዎቹ ሳቁ።

"አውሮፕላኑን ማለቴ ነው።"

"ሁለት ሰዓት።"

"የጠዋቱ ሁለት ሰዓት?"

"ማታ የሚበረው የሌሊት ወፍ ነው፣ አንቺ ሴት።"

ሳቁ ባሰ። አፍሬ ወጣሁ።

በማግስቱ እንዳይረፍድብኝ ገና በማለዳ ልጄን አቅፌ ታክሲ ያዝኩ። መንገድ ላይ ሳለን የአውሮፕላን ድምፅ ሰማን። አስካለ ባልታሰረው ዓይኗ ወደ ሰማይ እያየች፣

"እማዬ፣ መጣልን?" አለችኝ።

"አዎ፣ መጣልሽ" አልኳት። ደስ ብሎኝ ነበር።

ሜዳው ባዶ ነው። ጸሐፊው ሻዩን ይዞ በር ላይ ቆሟል። ቲኬቴን አሳየሁት።

"መንገዱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል አልኩሽ እንጂ በሁለት ሰዓት ይነሣል አልኩሽ?" አለ። ከዚያ ወደ ተሸካሚዎቹ ዞሮ፣ "የሄደውን ልትቀበል መጣች" አላቸው።

ቀጣዩ አውሮፕላን በሳምንቱ ነበር። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ወሎዬ ሐጂ የጭነት መኪና ፈልገው ከሾፌሩ ጎን አስቀመጡን። በረሃውን አቋርጠን፣ በባቲና በኮምቦልቻ አድርገን አዲስ አበባ ስንገባ ሦስት ቀን አልፎ ነበር። ልጄ መጀመሪያ ታለቅስ ነበር፤ በኋላ ጭኔ ላይ ተኛች።

ሐኪሙ ማሰሪያውን ፈትቶ አየና፣ "እስካሁን የት ነበራችሁ?" አለኝ።

"መንገድ ላይ" አልኩት።

ቀኝ ዓይኗ አልተረፈም።

አሰብ ትንሽ ከተማ ናት። ጸሐፊው ወሬውን በየሻይ ቤቱ አዳረሰው። ገበያ ስወጣ "ሁለት ሰዓት መጣች" ሲሉ እሰማ ነበር። አስካለ ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ አንድ ቀን እየሳቀች መጣች።

"እማዬ፣ አንዲት ሴትዮ ነበረች አሉ። አውሮፕላኑ ጥሏት ሲሄድ የሚመጣ መስሏት ደስ አላት አሉ።" ከደህናው ዓይኗ እንባ እስኪወርድ ሳቀች። "ሞኝ ናት፣ አይደል?"

ደስ ሲለኝ ያየኝ ከታክሲው ሾፌር በቀር ማንም አልነበረም።

"አዎ፣ ሞኝ ናት" አልኳት።

አስካለ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ሴትዮዋ እኔ መሆኔን እስካሁን አልነገርኳትም። የነፍስ አባቴ ጸሐፊውን ይቅር በዪው ይሉኛል፤ አልቻልኩም። የልጅ ልጆቼ "አያቴ፣ ስንት ሰዓት ነው?" ሲሉኝ ቶሎ አልመልስም። "የምን?" ብዬ እጠይቃለሁ። እነሱም ይስቁብኛል።