ስገባ ዝም የሚሉ ሰዎች

በር ከፍቼ ስገባ ወሬ ሲቋረጥ የሚፈጠረውን ዝምታ ጆሮዬ ከሩቅ ይለየዋል። ትናንት በመሥሪያ ቤታችን የሻይ ክፍል ገጠመኝ። ከኮሪደሩ ላይ ሆኜ ሳቅ እሰማ ነበር፤ እግሬን ሳስገባ ቆመ። ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ሲዞር ብቻ ይሰማል። ሻዬን ሳልጠጣ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩና ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ዋልኩ። ያጠፋሁት ነገር የለም። ይህን በዚህ ዕድሜዬ አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ማወቄ ግን አንድም ቀን አላሳረፈኝም። ሰው ስለ እኔ ምን አሰበ እያሉ መኖር እንዴት እንደሚያደክም ልንገርህ ካልኩ፣ የምጀምረው ከአሥረኛ ክፍል ፈተና ሰሞን ነው።

ያኔ አሁን የምሠራባትን ፍኖተ ሰላምን ገና አላውቃትም፤ ቡሬ ተከራይቼ እማር ነበር። አገራችን ከቡሬ ወጣ ብሎ በእግር ብዙ የሚያስኬድ ገጠር ነው። ስምንተኛን የጨረሰ የገጠር ልጅ እንደሚያደርገው ከተማ ቤት ተከራይቼ፣ ስንቄ በገበያ ቀን እየመጣልኝ እኖር ነበር። ስንቄን የሚያመጣው አባቴ ነበር። አህያውን አጥሩ ላይ አስሮ፣ እንጀራውንና የበሶውን ከረጢት አስገብቶ፣ "እህ፣ ትምርቱ እንዴት ይዞሻል?" ይለኝ ነበር። ሳልፈራ ቀና ብዬ ፊቱን የማየው ሰው እሱ ብቻ ነበር።

የሌላውን ሰው ፊት አላይም። አከራዬን የማውቃቸው በእግራቸውና በድምፃቸው ነው። በርበሬ የሚነግዱ፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ባልቴት ነበሩ፤ ግቢያቸው ዓመቱን ሙሉ በርበሬ በርበሬ ይሸታል፣ እንግዳ ሰው ገና ከበሩ ያስነጥሰዋል። እኔ ሲጠሩኝ መሬት መሬት እያየሁ "አቤት" እላለሁ። እሳቸውም ለጎረቤት "አንገቷን የደፋች ጨዋ ልጅ" እያሉ ያመሰግኑኝ ነበር። በእኛ አገር እንዲህ ነው፤ ሴት ልጅ ከፍርሃት አንገቷን ብትደፋም ጨዋ ትባላለች። እናቴ ደግሞ ከተማ ስትልከኝ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ብላ ነበር የመከረችኝ። ሳልመከርም እጠረጥር ነበር።

ፈተናው ሊጀመር ሲል አባቴ በድንገት ታሞ ሞተ። እሱ ሲቀበር እኔ ቡሬ ላይ የሒሳብ ቀመር እሸመድድ ነበር። ሽማግሌዎች መክረው፣ "ልፋቷ ከንቱ እንዳይቀር ፈተናዋን ትጨርስ" ብለው አጎቴን ወደ አከራዬ ላኩት። መርዶ በእኛ አገር እንደ ተራ ወሬ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ይመጣል፣ ዘመድ ይመጣል፣ ከግራም ከቀኝም የሚይዝህ ሰው ይቆማል፤ ያኔ ነው የሚነገርህ። እስከዚያ ድረስ የሰማ ሁሉ ቻል አድርጎ ይይዘዋል። አከራዬ ያን አደራ ተቀበሉ። እኔ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላውቅም፤ የማውቀው እኔ ስገባ ቤቱ ዝም ማለቱን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሬዲዮኑ ተዘጋ። አከራዬ ከጠዋት እስከ ማታ የሚከፍቱት ሬዲዮ ነበር። ቀጥሎ አብራኝ የተከራየችው ልጅ፣ ያቺ ሳቂታ፣ "ሳሎን ባጠና ይሻለኛል" ብላ ፍራሿን ተሸክማ ወደ አከራዬ ቤት ሄደች። ሸትቻት ይሆን ብዬ ልብሴን ሁሉ አጠብኩ። በኋላ እንደነገረችኝ፣ እኔ ስለ አባቴ ሳወራ እንባዋ እያመለጣት ተቸግራ ኖሯል።

ለምሳሌ የስልኩን ነገር ስማ። ከፈተናው በፊት አባቴ ድምፄን ይስማ ብዬ ወደ አከራዬ ሄድኩ።

"እትዬ፣ አባየን አንዴ ላናግረው?"

"ኔትወርክ የለም ልጄ" አሉ፤ ድምፃቸው ወደ ግድግዳው ዞሮ።

ወዲያው ስልኩ ከመቀነታቸው ውስጥ ጮኸ። እግራቸውን እየጎተቱ ወደ ጓሮ ሮጡ። ካርዴን ጨረሰችብኝ ብለው ነው አልኩ። በማግስቱ ጠዋት እንቁላል ጠብሰው፣ ወተት አፍልተው ይዘውልኝ መጡ፤ "ብዪ፣ ብዪ ሆድየ፣ ፈተና በባዶ ሆድ አይሆንም" እያሉ ሳልጨርስ አልሄድ አሉ። እኔ ደግሞ ስንቄ ማለቁን አይተው ታዘቡኝ ብዬ እያንዳንዱን ጉርሻ በኀፍረት ዋጥኩት። ደግነቱን ከንቀት ለይቶ የሚነግረኝ ምላስ አልነበረኝም።

በገበያው ቀን አባቴ ቀረ። ስንቁን ያመጣው ጎረቤታችን ነው፤ ያውም ከወትሮው እጥፍ። ከፈተና ስመለስ መንገድ ላይ አየሁት። አየኝና አህያውን እየነዳ ወደ አንድ ቅያስ ታጠፈ። በሕፃንነቴ ትከሻው ላይ የተሸከመኝ ሰው ነው። ሰላምታ እንኳ ሲነፍገኝ እንባዬ መጣ። አከራዬ ለእሱም ነግረውት መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩ። ምን እንደነገሩት ግን አላውቅም። የእኔ ጭንቀት ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ፍርዱን ይሰጥና ክሱን ለእኔ ይተውልኛል።

የመጨረሻውን ፈተና ጨርሼ ስገባ አከራዬ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

"አለቀ አይደል? እሰይ። በይ ዛሬ ረፍ በይ። ነገ ጎህ ሲቀድ አብረን አገርሽ እንሄዳለን።"

"እርስዎም?"

"እኔም" አሉና ቶሎ ብለው በሩን ዘጉ።

ሊከሱኝ ነው አልኩ። ሌላ ምን ያስኬዳቸዋል? አባቴ ፊት ቁጭ ብለው "ልጅህን ውሰድልኝ" ሊሉት ነው። አባቴ በሰው ፊት በእኔ አፍሮ አንገቱን ሲደፋ ታየኝ፤ ያንን አልቻልኩም። ቀድሜ ደርሼ ራሴ ልነግረው ወሰንኩ። ደብተሬን ጥዬ ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ። ሳቂታዋ ልጅ "ቆይ! የት ነው? ኧረ በእመቤቴ ቆይ!" እያለች እስከ ዋናው መንገድ ተከተለችኝ። ሮጥኩባት።

የግንቦት ዝናብ ገና መጣሉ ነበር። አፈሩ ይሸታል፣ ጭቃው ጫማዬን ይዞ ያስቀራል፤ አውልቄ በእጄ ያዝኩት። በየማሳው የበቆሎው ቡቃያ ብቅ ብቅ ብሏል። መንገዱን ሙሉ ለአባቴ የምለውን ስደጋግም ሄድኩ፦ "አባየ፣ ምንም አላጠፋሁም። ሌላ ቤት ፈልግልኝ። ካልሆነም ልቅር።" እሱ ምን እንደሚል እንኳ አውቅ ነበር። መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ከዚያ "እህ" ይላል፣ ከዚያ ከእኔ ጋር ይሆናል።

ወንዙን እንደተሻገርኩ ውኃ የቀዳች የሰፈራችን ሴት አየችኝ። ጄሪካኗን መሬት ጣል አድርጋ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እዚህም ደርሷል ወሬው አልኩ። ታምናለህ? ያኔም አልገባኝም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ፤ እኔ ልጡን ስሸሽ እባቡ ቤቴ ገብቶ ቆየኝ።

ግቢያችን ዳስ ተጥሏል። ሰው ሞልቷል። እኔን ሲያዩ ወሬው ተቋረጠ። ራሳቸውን የተላጩትን አጎቴን አየሁ፣ ቀጥሎ ከመደቡ ላይ ተነሥታ የቆመችውን እናቴን፤ እሷም ፀጉሯ የለም።

"አባየስ?" አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ንግግራቸውን ያሰናዱት ለነገ ጎህ፣ ቡሬ ድረስ መጥተው ሊያረዱኝ ነበር። አጠገቤ ክንዴን የሚይዝ ሰው አልነበረምና ስወድቅ ግንባሬን የደጁ ድንጋይ ፈነከተኝ። ጠርጥሬም ተመነጠርኩ።

ሊመሽ ሲል አከራዬ ደረሱ። ጋሪው ጭቃውን አልሻገር ብሎ ከግማሽ መንገድ በእግራቸው ነው የመጡት፤ ያቺ ልጅ ትደግፋቸዋለች። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። ሰው ተነሥቶ ቦታ ለቀቀላቸውና አጠገቤ ዝርግፍ ብለው ተቀመጡ። ለረጅም ጊዜ ያለከልካሉ።

"ምነው ልጄ፣ ምነው ብቻሽን? አደራዬን አስበላሽኝ እኮ።"

"የጠሉኝ መስሎኝ ነው፣ እትዬ።"

"እኔ? አንቺን?" አሉ። ግንባሬ ላይ የታሰረውን ጨርቅ በጣታቸው ነካ አደረጉት። "ፈርቼሽ ነው እንጂ። ካየሁሽ ፊቴ ያወጣዋል ብዬ፣ አንቺን ማየት ፈርቼ ነው።"

ያን ጊዜ ነው ቀና ያልኩት። ዓመት ሙሉ በግቢያቸው ኖሬ ፊታቸውን ያየሁት የዚያን ቀን ነው። ዓይናቸው አብጦ ሊጨፈን ደርሷል፣ ጉንጫቸው ላይ ጨው ደርቋል፤ የአንድ ቀን ልቅሶ አልነበረም። ያን የወተት ብርጭቆ ይዘው ከፊቴ ሲቆሙ አንድ ጊዜ ቀና ብዬ ባያቸው ኖሮ የአባቴን ሞት ያንኑ ቀን አውቅ ነበር፤ እሳቸውም ሳምንቱን ሙሉ ብቻቸውን አያለቅሱልኝም ነበር።