ሽፋኑ ሳይገለጥ የወጣ ስም

በእጽዋት ጤና ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ሁሉም «ጋሼ ቅርፊት» ይለዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ደረቀ የቁስል ቅርፊት ተለጥፈው የሚኖሩ ትንንሽ ተባዮችን ሲለይ የኖረ ሰው ሌላ ምን ሊባል ኖሯል! እሱም አይቀየምም።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ከላይ የሚታየው እንደ ጋሻ የጠነከረ ሽፋን ነው፤ ተባይዋ እግር የላት፣ ክንፍ የላት፣ ከሥሩ ተሸሽጋ ተቀምጣለች። ሽፋኑ ደግሞ አታላይ ነው። ዛፍ የሚያደርቀው ዝርያም፣ በዘይትና በሳሙና ታጥቦ የሚለቀውም አንድ ዓይነት ልብስ ይለብሳሉ። ስለዚህ ሽፋኑን በመርፌ ትገልጣለህ፣ ተባይዋን በመድኃኒት ታጠራለህ፣ ቀይ ቀለም ታጠጣታለህ፣ ከዚያ መስታወት ላይ አስተኝተህ የጅራቷን ጠርዝ በማይክሮስኮፕ ታያለህ። ስሟን የሚናገሩት እዚያ ጠርዝ ላይ የተደረደሩት ጥርስ መሳዮች ናቸው። ሦስት ቀን ይፈጃል። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ጋሼ ቅርፊት ጣቱን ቀስሮ፣ «ሽፋን አይቶ ስም የሚያወጣ ከዚህ ክፍል ይውጣልኝ!» ይል ነበር።

እንግዲህ ይኸው ሰው ነው፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት በታላቅ እህቱ ቤት ምሳ በልቶ ሲጨርስ፣ እሷ በጋዜጣ ጠቅልላ ያቆየችውን የብርቱካን ቅርንጫፍ በእጅ ማጉያ አንዴ ገርመም አድርጎ አፉን ሞልቶ የተናገረው።

«እትዬ፣ ክፉው ነው። ዛሬ ነገ ሳትዪ ዛፎቹን አስቆርጪና አቃጥዪ፤ አለዚያ የጎረቤትሽንም ይፈጀዋል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት እኮ ነው የማየው!»

ለባዕድ ቢሆን ናሙና አስመዝግብ፣ ሦስት ቀን ጠብቅ ይል ነበር። እህቱን ማስጠበቅ ግን ንፍገት መሰለው። ሟች ባሏ የተከላቸው አርባ ዛፎች በዚያው ሳምንት ወደቁ። እሱም ቅርንጫፉን እንደ ዋዛ ፖስታ ውስጥ ከቶ ቢሮው መሳቢያ ውስጥ ጣለው።

ባለፈው ሳምንት ጡረታ ሊወጣ መሳቢያውን ሲያጸዳ ፖስታውን አገኘው። ደረቅ ናሙና ብዙ ዓመት ይቆያል። በክፍሉ የናሙና ስብስብ ውስጥ ይቀመጥ ብሎ እንደ ደንቡ አዘጋጀው። በሦስተኛው ቀን ጠርዙን አየ፣ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። በሳሙና የምትታጠበዋ ነበረች።

ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። እንዲህ ብሎ ማሰቡ ራሱ አሳፈረውና እሑድ ጠዋት እህቱ ቤት ሄደ። ልብስ እያጠበች አገኛት፤ አጠገቧ በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ሁሉንም ሳያስቀር ነገራት።

አልጮኸችም። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

«ልጄ ያን ጊዜ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?» አለችው። «‹የአባቴ ዛፎች ናቸው፣ ሌላ ባለሙያ ይያቸው› አለኝ። እኔ ደግሞ፣ ‹ወንድሜን ልታዋርደው ነው?› ብዬ ከቤቴ አባረርኩት። ይኸው እስከ ዛሬ ደጄን አልረገጠም።»

ጋሼ ቅርፊት የእህቱ ልጅ ሩቅ ከተማ ሥራ በዝቶበት የቀረ ይመስለው ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም፣ እትዬ?»

«አንተ እንዳይከፋህ ብዬ ነዋ።»

እሷ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«የኔን ቁጥር ሲያይ አያነሳም። ባንተ ስልክ ደውልለት» አለችና ቁጥሩን በቃሏ አስነካችው።

ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተነሳ።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ፣ አጎትህ። ዛፎቹን በከንቱ ነው ያስቆረጥኩት። አይቼ ሳልጨርስ ነው የተናገርኩት። እናትህ አንተን ያስቀየመችህ እኔን አምና ነው። አንተ ልክ ነበርክ።»



«ታዲያ አሁን ምን ላድርገው፣ ጋሼ?» አለ ልጁ፤ ስልኩም ተዘጋ።

እህቱ ስልኩን ልትቀበለው እጇን ዘርግታ ቆማለች።

«ምን አለህ? ይመጣል?»

«ይመጣል» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠው።

«አላውቅም፣ እትዬ» አላት። «ዘጋው።»