የተገለበጠው ማህተም

ጫማ ሰሪው በሆዱ ነገር የማያሳድር ሰው ነው። ጠዋት የሰማውን ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሚስቱ "ላንተ ምስጢር ከምነግርህ መንገድ ላይ ወጥቼ ብጮህ ይሻለኛል" ትለዋለች። ይህ ሰው ታዲያ በሕይወቱ አንዲት ምስጢር ብቻ ለዓመታት አፍኖ ኖሯል። የሚያስቀው ደግሞ፣ ምስጢሯ በሚሰራው ጫማ ሁሉ ውስጥ ታትማ ገበያ ትወጣ ነበር።

ሥራ ቤታቸው በጠባብ መንገድ ዳር ያለች ሁለት ክፍል ናት። በፊተኛው ክፍል እሱ ጉልበቱ ላይ ጫማ አስደግፎ ይቀጠቅጣል፤ በኋለኛው ሚስቱ በስፌት መኪናዋ ቆዳውን ትሰፋለች። ግድግዳው ላይ ፎርማ የሚሏቸው የእንጨት እግሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተሰቅለዋል። ቆዳ የሚቆርጡበት ካርቶን ግን ለአንድ ጥንድ አንድ ብቻ ነው፤ የቀኙን ከቆረጡ በኋላ ይገለብጡትና ግራው ይወጣል። ጫማ ሰሪው ቀኑን ሙሉ ካርቶን ሲገለብጥ ይውላል። ይህን ያዙልኝ።

ሥራ በጀመሩ ሰሞን ለጫማቸው መለያ ፈለገ። ሚስቱን ቤት ውስጥ በስሟ ጠርቷት አያውቅም፤ "ማሬ" ይላታል፣ እሷም "ወዬ" ትላለች። ይችኑ ቃል፣ ፊደሎቹን በጅራታቸው አቆላልፎ፣ በናስ ቁራጭ ላይ ቀረጻት። ሊያስደንቃት ስለፈለገ አልነገራትም። ማህተሙን አግሎ የመጀመሪያው ጫማ ውስጥ ሲጫነው ቃሉ ግራና ቀኙ ተገልብጦ የማይነበብ ሆኖ ወጣ። ካርቶን ሲገለብጥ የሚውል ሰው፣ ማህተም ተገልብጦ እንደሚቀረጽ ረስቶት ነበር። ጆሮው ድረስ ቀላ። ሚስቱ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ስትለው "ጌጥ ነው" አለ።

በማግስቱ ማህተሙን ይጥለው ነበር፤ ጫማቸውን የሚረከበው ባለሱቅ ባይመጣ።

ያኔ መንግሥት ከውጭ በሚገባ ጫማ ላይ የነበረውን ቀረጥ ቀንሶ ነበር። ጫማ በኮንቴይነር ይጎርፍ ጀመር፤ ያለቀለት ጫማ እዚህ ቆዳው ብቻ ከሚገዛበት ዋጋ በታች ይሸጣል። ለገዢው ሠርግና ምላሽ ሆነለት። በዚያች ጠባብ መንገድ ግን ጫማ ቤቶቹ አንድ በአንድ ዘጉ፤ ጎረቤታቸው መዶሻውን ሸጦ የባንክ ጥበቃ ሆነ። ሰውም ጫማ ሲገዛ መጀመሪያ ውስጡን ገልጦ የውጭ ጽሑፍ ይፈልጋል፣ ካጣ መልሶ ያስቀምጠዋል። ባለሱቁ ያንን ባለጌጥ ጫማ አንስቶ ወደ ብርሃን አስጠጋና "የየት አገር ጽሑፍ ነው?" አለ። ጫማ ሰሪው ሊናገር አፉን ከፈተ። "ተወው፣ አትንገረኝ" አለ ባለሱቁ። "ያለህን ሁሉ አምጣልኝ።"

እንዲህ ሆኖ፣ ሳይዋሽም እውነቱን ሳይናገርም፣ የውጭ ጫማ ሠሪ ሆኖ ቁጭ አለ። ገበያተኛው "የውጭ እቃ እኮ ያስታውቃል" እያለ ይገዛል። ቤቱ ዳነ። ሚስቱ ግን ተቀየመች። "የምሰፋው እኔ፣ የሚመሰገነው ባሕር ማዶ ያለ ሰው" አለች፤ ያ ማህተም ያለበት ጫማ እግሬ አይገባም ብላም በዚያው በኮንቴይነር የመጣ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ አጥልቃ ቀረች። እሱ ታዲያ ጫማ በሠራ ቁጥር አንድ ጥንድ በእሷ እግር ልክ ይሠራና፣ ምናልባት ዛሬ ትለካው ይሆናል ብሎ በሩ ሥር ያስቀምጥላታል። አታየውም። ይሸጣል። እውነቱን ሊነግራት ስንቴ አፉ ላይ ደርሶ ተመለሰ፤ በገዛ ሙያው መሳሳቱን ማመን ሞት መሰለው።

ዓመታት አለፉ። አገሪቱ የውጭ ምንዛሪ አጠራትና መንግሥት ያንኑ ቀረጥ መልሶ ሰቀለው። የኮንቴይነሩ ጫማ ዋጋ ጣሪያ ነካ። ጫማ ሰሪው ቀን ወጣልኝ ብሎ ሲፈነድቅ፣ ለካ ሶሉና ማስቲሹም የሚመጡት በመርከብ ነው፤ እነሱም ተወደዱ። ቢሆንም ሥራ በሥራ ሆኑ፤ የባንክ ጥበቃው ጎረቤት እንኳ መዶሻ አበድሩኝ ብሎ ወደ ሙያው ተመለሰ። ባለሱቁ አንድ ቀን በሩን ተደግፎ፣ "ርካሹ ሲገባ ገዢው ሳቀ፣ እናንተ አለቀሳችሁ። ዛሬ ደግሞ እናንተ ስትስቁ ገዢው ያለቅሳል" አለ። ሚስትየው ከውስጥ ሆና "ሁላችንም አንድ ላይ የምንስቅበት ቀን የለም ማለት ነው?" አለችው።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ያላቸውን ጥሪት ሁሉ ቆዳ ገዙበትና የባለሱቁን መደርደሪያ በጫማ ሞሉት። በዚያው ሳምንት የጉምሩክ ሰዎች ሱቆቹን ሲፈትሹ ማህተሙን አዩት። የውጭ ጽሑፍ አለ፣ የቀረጥ ደረሰኝ የለም። ኮንትሮባንድ ነው ብለው ጫማውን በሙሉ ጭነው ወሰዱት። ባለሱቁ እያለከለከ መጣ።

"እዚሁ ነው የተሠራው ብላቸው ሳቁብኝ። ሠሪው መጥቶ ጽሑፉ ምን እንደሚል ያስረዳ፣ ካልሆነ ይወረሳል አሉ። ለመሆኑ ምንድን ነው የሚለው?"

ጫማ ሰሪው ወገቡ ተቆረጠ። ካልተናገረ ቤታቸው ይዘጋል። ከተናገረም ሚስቱ ፊት ነው፤ እሷ "የሰፋሁት እኔ፣ የምመሰክረውም እኔ" ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆማለች። የሚላጭበትን መስታወት ከግድግዳው አውርዶ ኪሱ ሲከት አየችው።

"ምነው፣ ጉምሩክ ልትላጭ ነው?"

መጋዘኑ ብርድ ልብስና ቴሌቪዥን፣ ሽቶና የመኪና ጎማ እስከ ጣሪያው የተቆለለበት ነው። የእነሱ የጫማ ካርቶኖች በሩ አጠገብ ተደርድረዋል። ኃላፊው መነጽር ያደረገ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። አንዱን ጫማ አንስቶ ውስጡን አሳያቸው።

"ወንድሜ፣ ይሄ የየት አገር ቋንቋ ነው?"

"የኛው ነው፣ ጌታዬ።"

"የኛውንማ እኔም አነባለሁ እኮ።"

ጫማ ሰሪው ኪሱን ዳበሰ። ሚስቱን ዞር ብሎ ለማየት አልደፈረም። መስታወቱን አውጥቶ ጫማው አፍ ላይ ደገነው።

"ስቀርጸው ተሳሳትኩ። መገልበጥ ነበረብኝ፣ ረሳሁት። ከዚያ አፈርኩ፣ ሳፍር ዓመቱ ሄደ። በመስታወቱ ያንብቡት።"

ኃላፊው መነጽሩን አስተካክሎ አጎነበሰ። ቃሉን በጣቱ እየተከተለ ጮክ ብሎ አነበበ።

"ማ... ሬ።"

"ወዬ" አለች ሚስትየው።

ማን እንደጠራት ያየችው ካመለጣት በኋላ ነው። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ኃላፊው ቀና ብሎ እሷን አየ፣ መስታወቱን አየ፣ ባልየውን አየ፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ እሱ ሳቀ፣ ቀጥሎ የመጋዘኑ በረኛ፣ አብሯቸው የመጣው ባለሱቅማ ካርቶን ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "እንዲህ ያለ ምስክር ገጥሞኝ አያውቅም" አለ ኃላፊው መነጽሩን እየጠረገ። ሥራ ሥራ ነውና ቤታቸውን የሚያይ ሰው ላከ፤ ሰውየውም ፎርማዎቹን፣ የስፌት መኪናዋንና ማህተሙን አይቶ እስኪመለስ ባልና ሚስቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

"ከመጀመሪያው ጫማ ጀምሮ ነው?" አለች።

"ከመጀመሪያው።"

"እኔ እኮ ያንን ስም ስረግም ነው የኖርኩት" አለችና በሳቅ ፈረሰች። ጫማ ሰሪው ከደስታው ብዛት፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለው ጠፋው።

ጫማው ተለቀቀ። እሱ አንዱን ካርቶን ፈትቶ፣ ሳይፈልግ ሳይለካ፣ የእሷን ልክ አውጥቶ ሰጣት። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ አደረገችው፤ በሲሚንቶው ላይ ወዲያ ወዲህ አለችበት።

"ልክ ነው?" አላት።

"ግራና ቀኙን አልገለበጥክብኝም" አለችና ቀድማው ወጣች።

ከግቢው ሳይወጡ በረኛው የፕላስቲኩን ነጠላ ጫማ አንጠልጥሎ ከኋላ ደረሰባቸው።

"እናቴ፣ ይሄን ረስተዋል።"

"አልረሳሁትም" አለች፣ አዲሱን ጫማዋን እያየች። "እሱ የውጭ ነው፤ ውረሱት።"