ለበሽተኛ ጥሬ አይሰጥም

እናቴ ጥቁር አዝሙድ የምታስቀምጠው በነጭ የፕላስቲክ ብልቃጥ ነው። ስታነሣው ፍሬው ውስጡ ይንሿሿል። እኔ ማዶ ክፍል ሆኜ ያንን ድምፅ ስሰማ እጄ በራሱ ጊዜ ይቆማል። ትንሽ እጠብቃለሁ። አዝሙድ መሆኑ ትዝ የሚለኝ ከዚያ በኋላ ነው።

በቤታችን ያ ድምፅ የምግብ መጀመሪያ ነበር። ብልቃጡ ያኔ የወንድሜ መድኃኒት መያዣ ነበር፤ ይከፍተዋል፤ እንክብሎቹን መዳፉ ላይ ያደርጋል፤ ቢስሚላህ ይላል፤ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር ይውጣቸዋል። እሱ ሳይውጥ ማናችንም እጃችንን ወደ ትሪው አንሰድም። ያዘዘን ሰው የለም። አንድ ቀን እናቴ እጇን ሰብስባ ጠበቀችው፣ እኔም ጠበቅሁ፣ እንዲያው ልማድ ሆኖ ቀረ። እንግዳ ሲመጣ ግራ ይገባው ነበር። አንድ ጊዜ ከግራና ከተማ ማንጎ ይዞልን የመጣ የአባቴ ዘመድ ጉርሻውን አፉ አጠገብ ካደረሰ በኋላ እኛን አየና መልሶ አስቀመጠው።

«ምነው፣ ዱዓ አለ እንዴ?» አለ።

«ዱዓውን እየዋጥኩት ነው» አለው ወንድሜ አፉ እንደሞላ።

ያደግነው መርሳ ነው፣ ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ የመስኖ ቦይ በሚያልፍበት ሰፈር። አባታችን የሞተው እኔ ሳላውቀው ነው። ወንድሜ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ሠራ፤ በኋላ ከመርሳ ውርጌሳ ባጃጅ ይነዳ ነበር። እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው። በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «ተማሪው» ነበር የሚለኝ።

ሆዱን ያመው ነበር። ይበላል፣ ግን ይከሳል። የበላው ለሰውነቱ ሳይደርስ እንዳለ ይወጣል። ቀበቶው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ አየው ነበር። ደሴ ሄዶ ሲመረመር ሐኪሙ ቆሽቱ ሥራ ማቆሙን ነገረው። ምግብ የሚፈጨውን ፈሳሽ ቆሽት ነው የሚያመነጨው፤ የእሱ አያመነጭም፤ ስለዚህ ዕድሜ ልኩን በእንክብል መልክ ከምግብ ጋር መውሰድ አለበት። ወንድሜ ይኼን የነገረን እየቀለደ ነው።

«የሰው ሁሉ ቆሽት ያርራል፣ የእኔ ጭራሽ ሥራ ለቋል።»

ጥቂት ወራት እንደዋጠ ፊቱ ሞላ። ቀበቶው ወደ ድሮው ቀዳዳ ተመለሰ።

አንድ ነገር ግን ነበር። ከካርቶኑ ውስጥ የሚወጣውን የእንግሊዝኛ ወረቀት እኔ ቃል በቃል እየፈለግሁ አነብለት ነበር። መድኃኒቱ ከአሳማ ቆሽት እንደሚሠራ ያገኘነው እዚያ ላይ ነው። ወንድሜ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ አጠፈው። ያን ቀን ሳይውጥ በላ። ማግስቱንም። በሦስተኛው ቀን ወደ ሸኽየው ሄደ፣ እኔ በር ላይ ቆምኩ።

«ሌላ አለው ወይ?» አሉት ሸኽየው።

«የለውም አሉኝ።»

«እንግዲያ ጀሊሉ ያሰፋልህን አንተ አታጥብበው። ዋጠው፣ ልጄ።»

እናቴ ይኼን አታውቅም። ከምን እንደሚሠራ ቀድማ ጠይቃው ነበር... አይ፣ ከሸኽየው ከተመለስን በኋላ ነው የጠየቀችው። ብቻ «ከበሬ ቆሽት» አላት። እሷም በሬውን አመሰገነች። «ሞቶ እንኳን ለሰው ይሠራል፣ ሱብሃነላህ» አለች። ወንድሜ ወደ እኔ አላየም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ክረምት ነበር። ከወልድያ በኩል ሰው በእግሩ ይወርድ ጀመር፣ ፍራሽ የተሸከመ፣ ዶሮ ያቀፈ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ መንገዱ ተዘጋ። ባጃጇ ቤንዚን አጥታ ግቢ ውስጥ ቆመች፣ ዶሮዎች ወንበሯ ላይ ይተኙባት ነበር። መድኃኒቱ የሚመጣው ከደሴ ነው። ብልቃጡ ግማሽ ብቻ ቀርቶት ነበር።

ወንድሜ መብላቱን በቀን ወደ አንድ ጊዜ አወረደ። ምግብ አንሶ ብቻ አይደለም፤ መድኃኒቱ እንዲቆይለት ነው። ከዚያ ሁለቱን እንክብል አንድ አደረገው። መስከረም ሲጠባ ብልቃጡ ባዶ ሆነ። በማግስቱ ትሪው ሲቀርብ ሦስታችንም እጃችንን ሰብስበን ተቀመጥን። የምንጠብቀው ነገር አልነበረም። ዝንብ እንጀራው ላይ ሲያርፍ ትዝ ይለኛል።

«ብሉ እንጂ፣ ምን ታዩኛላችሁ» አለ።

ተመልሶ ይከሳ ጀመር። ሆዱ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ የበላው ያው ይወጣል። እናቴ ሌላ ሥራ መሥራት አቃታት። የያዘችውን ትጥላለች፣ የተቀመጠውን ታነሣለች። በር ላይ ወጥታ መንገዱን ታያለች፤ መንገዱ ላይ ምንም የለም። አንድ ጠዋት ከዚያ በር ላይ ዞር ብላ ጠየቀችው።

«ከበሬ ነው አላልከኝም?»

«ምኑ?»

«መድኃኒትህ።»

ወንድሜ እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ከበሬ ነው» አላት።

በዚያ ሰሞን ሰው ከብቱን እያረደ ነበር። መኖ የለም፤ ነገ ማን እንደሚወስደው አይታወቅም፤ ጎረቤት ከጎረቤት እየተቧደነ ቅርጫ ይገባል። እናቴ ነጠላዋን አጥብቃ ወጣች፣ ተከተልኳት። ከቦዩ ማዶ ሾላው ሥር በሬ ጥለው ሥጋውን በሙዝ ቅጠል ላይ ይመድቡ ነበር። ቢላዋ የያዙት ሽማግሌ እስከ ክንዳቸው ደም ናቸው።

«አሰላሙ ዐለይኩም።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም፣ እትዬ። መደብ ገብተው ነበር እንዴ?»

«አልገባሁም። ቆሽቱን ብትሰጡኝ ብዬ ነው።»

ሰዎቹ ሳቁ። «ሌላው ሽንጥና ሻኛ ይላል፣ እኒህ ቆሽት!» አለ አንዱ። አንድ ጎረምሳ ደግሞ «በዚህ ዘመን ያላረረ ቆሽት ከየት ይገኛል፣ እትዬ?» አለ። የእሷ ፊት አልተፈታም።

«ለልጄ መድኃኒት ነው» አለች።

ሳቁ ቆመ። ሽማግሌው እጃቸውን ከጨጓራው ሥር አስገብተው ፈለጉ፣ ፈልገው ረዘም ያለ፣ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነገር አወጡ። በሙዝ ቅጠል ጠቀለሉላት። «እንኩ። አላህ ያሽረው» አሉ። ስንመለስ ቅጠሉን በሁለት እጇ ይዛው ነበር፤ እንደ ሕፃን።

ቤት ገብታ ስቡን ገፈፈችው፣ ከተፈችው፣ ድስት ጣደች። እኔ ጉልቻው አጠገብ ቆሜ ነበር።

አሥረኛ ክፍል ሳለን የባዮሎጂ መምህራችን ምራቃችንን በሁለት የመስታወት ቱቦ አስተፍቶን ነበር። አንዱን አፈላው። በሁለቱም ላይ ስታርች ጨመረ፣ ቆየት ብሎ አዮዲን አንጠባጠበ። ያልፈላው ስታርቹን ፈጭቶት ስለነበር አልጠቆረም። የፈላው ጥቁር ሰማያዊ ሆነ። «ኢንዛይም ከፈላ ሞተ» አለን። «የፈላ ምራቅ ምራቅ አይደለም፣ ውኃ ነው።» ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። የወንድሜ እንክብል ውስጥ ያለውም ኢንዛይም መሆኑን ወረቀቱ ላይ አንብቤያለሁ። የበሬውም ቆሽት ውስጥ ያለው እሱ ነው። ድስቱ ደግሞ መንተክተክ ጀምሯል።

«እማ» አልኩ፣ «ባይቀቀልስ?»

ማማሰያውን እንደያዘች ዞረች። «ለበሽተኛ ጥሬ ላበላ? ምን ነካህ አንተ ልጅ? ለበሽተኛ ጥሬ አይሰጥም።»

ወንድሜ ከተኛበት መደብ ላይ «እህ እህ» ብሎ ሳለ። ተው ሲለኝ ነው እንጂ ማሳሉ እንዳልሆነ ገባኝ። ሽታውን አሁንም አውቀዋለሁ፤ ከጉበት የሚለይ፣ ጣፋጭ መሳይ ክብደት ያለው ሽታ። አቀረበችለት። ቢስሚላህ ብሎ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር ዋጠ። እሷ እስኪውጥ ጠበቀች፣ ከዚያ እጇን ሰደደች። ከረጅም ጊዜ በኋላ ያን ቀን ደህና በላች።

ከምሳ በኋላ «ና ወጣ እንበል፣ ተማሪው» አለኝ። ቦዩ ዳር ማንጎው ሥር ተቀመጥን። ፀሐይዋ በቅጠሉ መሐል ፊቱ ላይ ትንቀሳቀስ ነበር፣ አጥንቱ ሁሉ ይታይ ነበር።

«አውቀዋለሁ» አለኝ ምንም ሳልናገር። «ወረቀቱ ትኩስ ምግብ ላይ አታድርጉት ይላል። አንተው ነህ ያነበብክልኝ።»

«ታዲያ ለምን አትነግራትም፣ አያ?»

«ስትከትፍ ታንጎራጉር ነበር። ሰምተሃታል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ካንጎራጎረች ስንት ጊዜዋ ነው?»

ሣር ነጭቼ ቦዩ ውስጥ ጣልኩ።

«በቃ ተዋት። ወላሂ በል፣ እንዳትነግራት።»

«ጥሬው ቢያድንህስ?»

«ሆዴ እንኳን ጥሬ፣ ውኃም አልያዘ። ወላሂ በል።»

«ወላሂ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ እናቴ ቅርጫ አለ በተባለበት ሁሉ ሄደች። አራጆቹ ለምደዋት ሳትጠይቅ ያስቀምጡላት ነበር። አንዳንዴ ጣፊያ ይሰጧታል፣ አይታ ትመልሰዋለች፤ ቆሽትን ከእነሱ አብልጣ ለይታ ታውቅ ነበር። እየቀቀለች ታበላዋለች። እሱ «ጣፍጧል እማ» ይላታል። «ዛሬ ትንሽ ተሻለኝ» ይላታል። በየቀኑ ይከሳል፣ በየቀኑ ትንሽ ይሻለዋል። ለጎረቤቶቹ ትነግራቸው ነበር።

ይኼን ከዚህ በፊት ለማንም ነግሬ አላውቅም። ኅዳር ላይ አንድ ቀን ጉልበቷን አሟት እኔን ብቻዬን ላከችኝ። ስመለስ መንገድ ላይ ከቆሽቱ ጣት የምታህል ቆርጬ ለብቻዋ ጠቀለልኳት። እከትፋታለሁ፣ በቀዝቃዛ እንጀራ አድርጌ እሰጠዋለሁ አልኩ። እናቴ ጎረቤት ነበረች። በሩ ላይ ደረስኩ። ወንድሜ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ እንቅልፍ ወስዶታል። አፉ ተከፍቷል። ጥርሱ ለፊቱ በዝቶ ነበር።

ፈራሁ። ጥሬ ሥጋ ውስጥ ትል አለ ብለው አስተምረውናል። በእኔ እጅ ቢሞትስ? መሐላም ነበረብኝ። እነዚህ ሁሉ ምክንያት ናቸው። ብዙ ቆምኩ መሰለኝ፣ ቅጠሉ እጄ ላይ ሞቀ። ከዚያ ወደ ቦዩ ሄጄ ጣልኳት። ውኃው ትንሽ አዙሯት ወሰዳት። የቀረውን ለእናቴ ሰጠኋት፣ ቀቀለችው። «ጣፍጧል እማ» አላት።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። አንድ ዓርብ ከዙሁር በፊት እናቴ ጀርባውን ደግፋ ውኃ ስታጠጣው ውኃው በከንፈሩ ጠርዝ ተመልሶ ወጣ። ደግማ አጠጣችው። እኔ ነኝ ኩባያውን ከእጇ የወሰድኩት። ከሲሪንቃ በኩል ከባድ መሣሪያ ይሰማ ስለነበር ለቀብር የመጣው ሰው ጥቂት ነው። ቃሬዛውን ስናነሣ ክብደት አልነበረውም። ከፊቴ የያዘው ሰውዬ ዞሮ አየው፣ መኖር አለመኖሩን ለማረጋገጥ ይመስል።

መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ለትምህርት ማስረጃ ወልድያ ሄጄ አንድ ፋርማሲ ገባሁ። መደርደሪያው ገና ግማሹ ባዶ ነው። ፋርማሲስቷ ወጣት ናት። ቆሽቱ የማይሠራ ሰው መድኃኒቱን ቢያጣ የበሬ ቆሽት በጥሬው ይረዳው እንደሆን ጠየቅኋት። ገርሟት አሰበች።

«መድኃኒቱ ሳይወጣ ድሮ ያደርጉት ነበር ይባላል። በሽታም ሊያመጣ ይችላል፣ ግን... ጥሬው ለአንዳንዱ ይረዳው ይሆናል። ቤት ውስጥ የታመመ አለ?»

«የለም» አልኳት። «ለፈተና ነው።»

ባለፈው ሳምንት ሁለት ጎረቤቶች እናቴ ዘንድ መጥተው ነበር። ቀትር ላይ ነው፣ በሩ ተከፍቶ ፀሐይ እስከ መደቡ ገብታለች። ስለ ወንድሜ ተነሣ። እናቴ የሄደችባቸውን ቅርጫዎች በየሰፈሩ ጠራቻቸው፤ ሾላው ሥር፣ ወፍጮው ጀርባ፣ ከትምህርት ቤቱ በታች። ያን ያህል ያቆየልኝ ቆሽቱ ነው አለች። ሴቶቹ «አብሽሪ፣ አንቺማ ምን አጎደልሽ» አሏት። እሷ ግን ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ተምረሃል። ልክ ነበር አይደል? መድኃኒት ነበር?»

ሦስቱም አዩኝ። በአሁኑ ጊዜ ጆሮዋ ትንሽ ደክሟል፤ ሰው ሲናገር ከንፈሩን ነው የምታየው።

«መድኃኒት ነበር እማ» አልኳት።

«ያላዳነው አንሶ ነው እንጂ» አለች።

«አዎ። አንሶ ነው።»