ቅቤ የጠጣችው የጾም ድስት

ሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። ዐቢይ ጾም ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው ሮብ ገበያ ወረድኩና አንዲት የሸክላ ድስት ገዛሁ።

ይህን ስል የሚስቅ እንዳለ አውቃለሁ። በእኛ አገር ወንድ ልጅ ማረሻ ይገዛል፣ ቀንበር ይገዛል፤ ድስት የሴት ነው ይላሉ። እኔ ግን ሚስቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ልጆቼ ሁሉ ትዳር ይዘው ወጥተዋል። ሆድ ደግሞ የወንድ ነኝ ብሎ ዝም አይልም። ስለዚህ ሽሮ እሠራለሁ፣ ድንች እልጣለሁ፣ ባቄላ እቀቅላለሁ። እንጀራውን የወንድሜ ሚስት ትጋግርልኛለች፤ እሱን አልክድም። ወጡ ግን የእኔ ነው።

የድስት አመራረጥ ያስተማረችኝ ሚስቴ ናት፣ በሽታው አልጋ ላይ ጥሏት ሳለች። "ቀለሟን አትመልከት፣ ድምጿን ስማ" ትለኝ ነበር። ድስቷን በግራ እጅ አንጠልጥሎ በቀኝ እጅ አንጓ ኳ ኳ ማድረግ ነው። ደህነኛዋ ትጮኻለች፤ ስንጥቅ ያለባት እንደ ጉንፋናም ሰው ታጉረመርማለች። ከዚያ ውስጧን መዳበስ፤ ጠጠር የቀረባት እንደሆነ ማማሰያው ሲፍቃት ትላጣለች፣ ጥርስህም ይነግርሃል። ቂጧ ሰፋ ያለ ይሁን፣ ጉልቻ ላይ እንዳትንገዳገድ። አፏ ጠበብ ይበል።

እንዲህ እያልኩ ስድስት ሰባት ድስት ሳንኳኳ አንዲት የሰፈራችን ሴት አየችኝ።

"እንዴ አያ! ዘንድሮ ደግሞ ድስት መራጭ ሆኑ?"

"ሆንኩ።"

"መቀነት ከዚያ ማዶ ይሸጣሉ፣ አብረው ይግዙት እንጂ!"

በዙሪያው ያሉት ሴቶች ሁሉ ተንከተከቱ። ደሜ ፈላ።

"ዲማ ገዳም ለመነኮሳቱ ወጥ የሚሠራው ማነው? ባልሽ ሊሳለም ሄዶ የበላውን ምስር አንቺ ነሽ የሠራሽው?"

"እነሱማ መነኮሳት ናቸው።"

"እኔስ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ምንድን ነኝ?"

እሷ ነጠላዋን አጣፍታ መንገዷን ቀጠለች። ሻጯ ግን እየሳቀች የመረጥኳትን ድስት በጭድ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

ይህን ሁሉ የደከምኩት ለጾሙ ነው። ከአንድ ብረት ድስት ሌላ ሁለት የሸክላ ድስት ነበረኝ፤ አንዷ የፍስክ፣ አንዷ የጾም። ብረት ድስት ቅቤ ቢነካው በአመድ ፈግፍገህ በፈላ ውኃ ስትለቀልቀው ይነጻል። ሸክላ ግን ትጠጣለች። አንድ ጊዜ ቅቤ የጠጣች ሸክላ እሳት በነካት ቁጥር ቅቤውን መልሳ ታወጣዋለች። የጾሟ ድስት እንግዲህ ቅቤ ሳታውቅ ትኖራለች፣ ሳታውቅ ትሰበራለች። የእኔዋን የሰበርኳት እኔው ነኝ። ከእሳት አውርጄ እርጥብ መሬት ላይ አስቀመጥኳት፣ ጧ አለች። በማንም አላላክክም።

አዲሲቱን ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አዋልኳት። እሁድ ከቅዳሴ መልስ በጎመን ዘር ላሟሻት አስቤ ነበር። አዲስ ሸክላ መጀመሪያ የጠጣችውን ነገር ይዛ ነው የምትኖር፤ ስለዚህ ማሟሸት እንደ ክርስትና ማንሳት ነው፣ ለማንም አይተውም። ዘሩን ወቅጬ አስቀምጬ፣ ማማሰያዬን አጥቤ ሰቀልኩ። ማማሰያዋን ከወይራ የጠረብኳት እኔ ነኝ፤ ጫፏ ጠፍጣፋ ነው፣ የድስት ጥግ አያመልጣትም። ቢላዋዬም ከተሰበረ ማጭድ ያስቀጠቀጥኩት ነው። ዕቃዬ ይኸው ነው፤ አይበዛም፣ ግን እጄ በጨለማም ያውቀዋል።

ቅዳሜ ትልቋ ልጄ ከምትኖርበት ከማርቆስ ከተማ መጣች፣ ዶሮ አንጠልጥላ። ከሻንጣዋም እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ጥቁር ድስት አወጣች።

"ይኼ አባባ፣ ምንም አይዝም፣ አያርርም። ብቻ ብረት አያስነኩት፣ ይጫራል። በዚች በፕላስቲኳ ያማስሉበት።"

"ድስት ነው ዓይን?"

"በአመድም አይታሽም።"

"እንዲያማ ከሆነ ለሙሽራ ስጪው።"

ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። አዲሲቱን ሸክላ አሳየኋት፣ የጾም መሆኗንም ነገርኳት። እያገላበጠች አየቻትና "ጥሩ መርጠዋል" አለችኝ። ደስ አለኝ፣ ሞኙ።

እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ ነፍስ አባቴን ይዤ መጣሁ፤ የቅበላውን ዶሮ አብረን ልንቀምስ። ገና ደጃፍ ሳንደርስ የቅቤ ሽታ ተቀበለን። የዶሮው ነው ብዬ ገባሁ። ዶሮው ግን በአሮጌው ብረት ድስቴ ተሠርቶ፣ ወርዶ ተከድኗል። ጉልቻው ላይ ያለችው አዲሲቱ ድስቴ ናት፣ ቅቤ በሆዷ እየተንጫጫ። ልጄ በጨርቅ እየነከረች አፏን ጭምር ትቀባታለች።

"አሟሸሁልዎ አባባ! ይዩዋት፣ እንዴት እንደምትጠጣ!"

እኔ የምጮኸውን ጩኸት የሰፈር ውሻ ያውቀዋል።

"የጾም ናት አላልኩሽም?"

"ብለውኛል።"

"ታዲያ ረሳሽው?"

"አልረሳሁም።" ጨርቁን አስቀመጠች። "ጾሙንማ እኛ ጋ ነው የሚጾሙት አባባ። ከወንድሞቼ ጋር ተነጋግረናል። ነገ አብረን እንሄዳለን፣ ከዚያ ወዲያም እኛው ጋ ይሆናሉ። ድስቷ ባዶ ቤት ከምትቀመጥ ለፋሲካ ዶሮ ትሁነኝ ብዬ ነው።"

ረስታ ቢሆን ይቅር እላት ነበር። ሰው ይረሳል፤ እኔም ድስት እርጥብ ላይ አስቀምጫለሁ። ይኼ ግን ሌላ ነው። ቤቴን ዘግተውታል፣ ቁልፉን ብቻ ነው ያልተቀበሉኝ።

"ተነጋግረናል? እኔ የት ሆኜ? በሬ እንኳ ሲሸጥ አፉን ከፍተው ያዩታል!"

"ሰው ምን ይለናል? አራት ልጅ ወልዶ ሽንኩርት ይከትፋል እያሉ ያሙናል እኮ።"

"ይሙ! ሽንኩርቱን እነሱ ይከትፉልኛል?"

ነፍስ አባቴ ገና በትራቸውን እንደያዙ ቆመዋል።

"ቀስ በል እንጂ" አሉኝ። "በቁጣ ጾም ይገደፋል።"

"ጾሙ የሚገባው ነገ ነው አባ። ዛሬ ልቆጣ።"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ሳቅ እንደያዛቸው ከትከሻቸው አወቅሁ። ቆይተው ወደ ጥቁሩ ድስት አመለከቱ። "ይኼንን ቅቤ አልነካውም። በሱ ጹም፣ ነገሩ ይብረድ።"

"እሱንማ ማን ይነካዋል አባ? ሲነኩት ይጫራል።"

"ማርቆስስ ብትሄድ ምን ይጎድልሃል?"

እዚህ ላይ ነው የሆዴን ያወጣሁት። ከዓመት በፊት አንድ ወር እዚያ ተቀምጫለሁ። ክፉ አላዩኝም። ሶፋ ላይ አስቀመጡኝ፣ ቁርስ መጣልኝ፣ ምሳ መጣልኝ። ወጥ ሲሠራ ልይ ብዬ ብነሳ፣ "አባባ ይቀመጡ።" ሽንኩርቱን ልላጥ ስል፣ "ኧረ በማርያም ይቀመጡ!" ሠራተኛዋ እኔ ማድ ቤት በገባሁ ቁጥር ነብር እንዳየች ትወጣለች። ሽሮው ላይ ቅመም ነው የሚሉት አራት ማዕዘን ነገር ይፈረፍሩበታል፤ ምኑ እንደሆነ ብጠይቅ፣ "ይጣፍጣል፣ ይቀመጡ።" በወሩ መጨረሻ እጄ ደንዝዞ የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ።

"ይቀመጡ፣ ይቀመጡ!" አልኩ። "የሚቀመጠው ዕቃ ነው። እኔ ሰው ነኝ፣ የምበላውን አማስዬ እበላለሁ!"

ልጄ ያን ጊዜ አለቀሰች። ለማስመሰል አልነበረም፤ አውቃታለሁ።

"እሺ፣ ይሥሩ። ብቻዎን እሳት ዳር ወድቀው ቢያድሩስ? ማን ያነሳዎታል? እኔ እኮ ስልክ በጠራ ቁጥር ነው የምደነግጠው።"

ስለ ሐሜት ያወራችውን ሁሉ ተከራክሬ እረታት ነበር፤ ይኼን ግን ምን ብዬ? "መውደቅማ ከሶፋም ይወደቃል" አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴን አስጠላኝ።

ነፍስ አባቴ በትራቸውን አስቀምጠው ተቀመጡ። "ልጄ" አሏት፣ "አባትሽ እግሩ ቤተ ክርስቲያን ያደርሰዋል፣ እጁም ይሠራል። ካልተሸከምሽው አይሄድም፤ ልትሸከሚው ደግሞ ከባድ ነው። የወንድሙ ሚስት ጠዋትና ማታ ብቅ ትበልለት፣ ስልክም ትደውልልሽ።" ወደ እኔ ዞሩ። "አንተም በርህን ከውስጥ አትቀርቅር። አሁን ዶሮው ቀዝቅዟል።"

በር አለመቀርቀሩ ከበደኝ፤ ሌባ እንዳለ አባም ያውቃሉ። ግን እሺ አልኩ፤ ልጄም ዓይኗን ጠርጋ እሺ አለች። በላን። ዶሮው ጥሩ ነበር፤ ተናድጄ ስለነበር አልነገርኳትም።

በማግስቱ ሰኞ፣ የጾሙ መጀመሪያ፣ ቅቤ የጠጣችውን ድስት በጭድ ጠቅልዬ፣ በገመድ አስሬ፣ እስከ መኪና መንገዱ ተሸክሜ ልጄን ሸኘኋት። እቅፏ ላይ አስቀመጥኩላትና፣ "ድምጿን አንኳኩተሽ ስሚያት፣ ደህነኛ ናት፣ እርጥብ ላይ እንዳታስቀምጫት" አልኳት። እሺ አለችኝ፤ ነገ ጠዋት እደውላለሁ አለችኝ። መኪናው ሲሄድ ወደ ቤት ተመለስኩ፣ አሮጌውን ብረት ድስቴን ከደጃፍ ቁጭ ብዬ በአመድ ፈገፈግሁት፣ ሦስት ጊዜ በፈላ ውኃ ለቀለቅሁት፣ ባቄላ ጣድኩበት።