ሲሊንደሩ የለበሰው ጋቢ

መርሳ ላይ ጋዝ አስቸግሮኝ አያውቅም። አገሩ ሞቃት ነው፤ ሲሊንደሩን ከፍተህ ክብሪት ከጫርህ ይነዳል። ስለዚህ የሚኒባሴን የኋላ ወንበሮች ነቅዬ፣ ፍራሽ ዘርግቼ፣ ምድጃና ሲሊንደር ጭኜ አማቴን ከወልድያ በላይ ወዳለ ጠበል ስወስድ የሰጋሁት ለጎማው ብቻ ነበር።

ወሩ ታኅሣሥ ነው። አማቴን ደረታቸውን ያማቸዋል፤ ሰባት ቀን ሊጠመቁ ተስለዋል። የእኔ ሥራ ከጠበሉ ሲወጡ ትኩስ የአጃ አጥሚት ማድረስ ነበር። ባለቤቴ አራስ ስለነበረች ከቤት መውጣት አልቻለችም። "እናቴን እንዳይበርዳት፣ አደራ" ብላ ሸኘችን።

አማትና አማች ተፋፍረው ነው የሚኖሩ። እሳቸው ፍራሹ ላይ፣ እኔ በሾፌሩ ወንበር ሆነን በመሐላችን መጋረጃ ሰቀልሁ።

በመጀመሪያው ጠዋት ምድጃው ትንሽ ሰማያዊ እሳት አሳይቶ ጠፋ። ጋዙ አልቋል ብዬ ሲሊንደሩን ብነቀንቀው ውስጡ ይንቦጫረቃል። የምድጃውን ቀዳዳ በመርፌ ጠረግሁ። የጋዙን ቱቦ በሳሙና አረፋ ፈተሽሁ፤ የሚተነፍስ ቦታ የለም። ትዕግሥት አልፈጠረብኝም፤ በእርግጫ ልለው ቃጣኝ። በመጨረሻ ብረቱን ብነካው እጅ ያደነዝዛል። ለካ ፈሳሹ ከቅዝቃዜው የተነሣ ጋዝ መሆን አቅቶታል። "አላለቀም፤ ይኼ በርዶት ነው" ብዬ ተነጫነጭሁ።

አማቴ ከመጋረጃው ወዲያ እርጥብ ልብሳቸውን ሲለውጡ ሰምተውኛል። "አይቆጡ፤ እኔ ቀዝቃዛውም ይበቃኛል" አሉ።

አጥሚቱ የደረሰው ፀሐይ ሲሊንደሩን ካሞቀችው በኋላ፣ ረፋድ ላይ ነው። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ። እሳቸው ግን ሳላቸው ባሰ።

በአራተኛው ቀን አንገቴን አሞኝ ከሳቸው ቀድሜ ነቃሁ። ሲሊንደሩን ላወጣ የኋላውን በር ስከፍት፣ በአማቴ ጋቢ ተጠቅልሎ በመቀነታቸው ታስሮ ቆሟል። እሳቸው በነጠላ ብቻ ፍራሹ ላይ ተኮራምተዋል።

በሩ ሲከፈት ነቁ። አፍረው "በርዶታል ሲሉ ሰማሁና" አሉ። "ሲመሽ አለብሰዋለሁ፤ አንቱ ሳይነሡ እገፈዋለሁ።"

ጋቢ የሚያሞቀው ገላ ያለውን ነው። ብረት ከራሱ ሙቀት የለውም፤ ጋቢ ቢደርቡለት ያው ቅዝቃዜውን ታቅፎ ያድራል። ይህን የማያውቅ ሾፌር የለም። ሦስት ሌሊት በከንቱ በረደዎት ብዬ እንዴት ልንገራቸው? "እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ። አሁን ይበቃዋል" ብዬ ጋቢውን መለስሁላቸው። እንባዬን እንዳያዩት ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

ከዚያ አስቀድሜ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ። የምንጩ ውሃ ከብረቱ ይልቅ ለዘብ ያለ ነበርና በሳፋ ቀድቼ ሲሊንደሩን ውስጡ ላቆመው አሰብሁ። ጠበል መሆኑ ትዝ ሲለኝ አመነታሁ። አማቴ አይተው "ምን ቸገረ፣ ለታመመ አይደል የፈለቀው?" አሉ። ጥቂት ቆይቶ እሳቱ ያዘ። አጥሚቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ፊታቸውን በእንፋሎቱ እየታጠኑ ጠጡ።

ሳሉ ግን አልለቀቃቸውም። ፋሲካ ሳይደርስ ቀበርናቸው።

ባለቤቴ አንዳንዴ "እዚያ ብርዱ ጽኑ ነበር?" ትለኛለች። "ጽኑ ነበር" እላታለሁ። ምን ለብሰው እንዳደሩ ጠይቃኝ አታውቅም፤ ለጉዞው ጋቢውን አጥባ፣ አጥፋ ያስያዘቻቸው ራሷ ናት።